ለዘር የተቀመጠው ገብስ

ልጅ ሳለሁ፣ ሦስተኛ ክፍል የነበርኩ ይመስለኛል፣ የአባቴ አባት የሆኑት አያቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከጎጃም መጥተው አየር ጤና አካባቢ ካለው ቤታችን አንድ በጋ ሰነበቱ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ሲመሽ ሻማ አብርተን የከሰል ምድጃውን ከብበን እንቀመጥና ተረት ይነግሩኝ ነበር። አንዱን አልረሳሁትም። በችጋር ዓመት ዘሩን ቆልቶ የበላ ገበሬ፣ ዝናብ ሲጥል ጎረቤት እንዳይስቅበት በሬዎቹን ጠምዶ ወጣና ባዶ እጁን ይበትን ጀመር። ወፎቹ ግን ማሳው ላይ አልወረዱም፤ አገሩም ጉዱን ያወቀው ከወፎቹ ነው። አያቴ ይህን ሲሉ እጃቸውን ከፍሙ በላይ እያወዛወዙ ይዘሩ ነበር፤ ጥላቸውም ግድግዳው ላይ አብሮ ይዘራል። እኔ ስስቅ እሳቸው አይስቁም።

ለምን እንደማይስቁ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአገራቸው ማሳቸው የሚዋሰን ገበሬዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ስንዴ በአንድ ጊዜ እንዲዘሩ ተደርጎ ነበር፤ ኩታ ገጠም ይሉታል። አያቴ አላማረሩትም። በመጀመሪያው ዓመት ጎተራው ሞልቶ እንደተረፈና ቤታቸውን ቆርቆሮ እንዳለበሱበት ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በኋላ ግን ዘሩ በየዓመቱ የሚገዛ ሆነ፤ ማዳበሪያው ተወደደ፤ ሁሉም ስንዴውን በአንድ ሰሞን ገበያ ሲያወጣው ዋጋው ይወድቅ ጀመር። ከሁሉ በፊት የሚደርሰውና የክረምቱን ረሃብ የሚያሻግረው ገብስ ደግሞ ከቀዬው ጠፋ።

የቀረው በአያቴ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነበር። ሲመለሱ ጓሯቸው ጥግ ዘርተው ሊያበዙት አስበዋል። ቤት ትተውት ቢመጡ ሰው ያስፈጨዋል ብለው ስለፈሩ አዲስ አበባ ድረስ ይዘውት መጡ። አንድ ምሽት ከረጢቱን አስጨበጡኝና፣ «ከዚህ ሌላ የለም። ይህ ካለቀ የአባቴ ገብስ አለቀ» አሉኝ። ገብቶኝ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም ብል እዋሻለሁ።

እናቴ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። አማቷን በጣም ታከብራቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ይቀልዱባታል።

«አንቺ የፌርማታ ልጅ፣ ጤፍ ዛፍ ላይ የሚበቅል ነው የሚመስልሽ።»

«ኧረ አባባ፣ የሚበቅለው መርካቶ አይደል እንዴ?»

አንድ ቅዳሜ እሳቸው ሐኪም ቤት ሄደው ሳለ፣ እናቴ ከረጢቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ይሄ ገብስ ከየት መጣ?»

«አባባ ያመጡት ነው» አልኳት። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር፤ ቀና አላልኩም። መልሴ ትክክል ነበር።

አያቴ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ሲመለሱ፣ እናቴ ገና ትኩስ የሆነ ቆሎ በሳህን አቀረበችላቸው።

«አባባ፣ ለእኛ ብለው የተሸከሙትን ገብስ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ይኸው ቆላሁልዎ።»

በጣታቸው ፍሬውን ዳበሱት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! ከረጢቱንም አጥቤ አስጥቼልዎታለሁ።»

ከዚያ ዘግነው ቃሙ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። ጥሩ ተቆልቷል» አሏት። ለእኔም ዘገኑልኝና ቃምኩ። በዚያ ምሽት መብራት ሲጠፋ ተረት አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልጀመሩም።

ወደ አገራቸው ተመልሰው እንደሌሎቹ ስንዴ ዘሩ። አሁን በሕይወት የሉም። ስማቸው በተነሳ ቁጥር እናቴ፣ «ያን ቀን ቆሎውን እንዴት እንደወደዱልኝ!» ትላለች፤ ፊቷም ይፈካል። ልነግራት ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት። እሳቸው ፍሬውን ቅመው የሸፈኑላትን እኔ ብገልጠው ምን ይጠቅማል እላለሁ። ግን ዝም የምለው ለእሷ ይሁን ለራሴ፣ እስካሁን አላውቅም።