ፊቱን ታጥቦ የመጣው መርዶ ነጋሪ

የታሰርኩት በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው። መርካቶ፣ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ በሚገኘው መጋዘናችን፣ በግጭት ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች ዱቄትና ብርድ ልብስ እናድል ነበር። እርስ በርስ የተዋጉት የሁለት አጎራባች ወረዳ ሰዎች በአንድ በር ሲገናኙ ስለሚጣሉ፣ ሁለት ሰልፍ አበጀሁ፤ የስም ዝርዝሩንም በወገን ለይቼ በሁለት ዓምድ ጻፍኩት። መርማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ «ሰውን በዘር የሚለይ እርዳታ ምን ዓይነት እርዳታ ነው?» አለኝ። እንዳይጣሉ ብዬ ነው አልኩት። መልሴ ለራሴም ደካማ ሆኖ ተሰማኝ።

የገባሁበት ክፍል ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነበር። በአንዲት የሽቦ መስኮት በኩል ተሸካሚዎች መንገድ ልቀቁ እያሉ ሲጮኹ ይሰማል። አሥራ አራት ነበርን፤ ምናልባትም አሥራ ስድስት። ከመካከላችን ሁለቱ በዝርዝሬ ላይ የነበሩ ናቸው፤ አንዱ ከቀኙ ዓምድ፣ ሌላው ከግራው። የቀኙ ከተፈናቀለ ወዲህ በመርካቶ ሸክም የሚሸከም ሽማግሌ ነው። የግራው ጎልማሳ ገበሬ ነው። በሁለት ግድግዳ ሥር ይተኛሉ፤ አይነጋገሩም።

አንድ ቀን የገበሬውን ስንቅ የምታደርሰው ጎረቤቱ ለክፍሉ ተጠሪ በር ላይ ክፉ ወሬ ነገረችው። ቀዬው የቀረው የገበሬው ልጅ ተገድሏል። ተጠሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በዕድሜ እርስዎ ይበልጣሉ፤ ጠዋት ያርዱት» አለኝ።

መርዶ በማለዳ ነው፤ ብቻን ሆኖም አያረዱም። ከእኔ ሌላ በዕድሜ የገፋው ያ ሽማግሌ ብቻ ነበር። ከምሳ በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ በሹክሹክታ ነገርኩት።

«የእኔ ሰዎች ናቸው የገደሉት?»

«እንደዚያ ይባላል።»

«የእኔን ወንድም ደግሞ የእሱ ሰዎች። ያን ጊዜ ከእነሱ ማን መጥቶ አጽናናኝ?»

ወደ እኔ ዞረ።

«ደግሞስ ጋሼ፣ እንዳትቀላቀሉ ብለው ሰልፉን የለዩት እርስዎ አይደሉም? ዛሬ ምን ተገኘና ሊያቀላቅሉን ፈለጉ?»

«ተሳስቼ ነበር።»

«የተማረ ሰው የሚሳሳተው በወረቀት ላይ ነው፤ ስለዚህም ስሕተቱ አይጠፋም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ሲነጋ ብቻዬን ላረዳው ተነሣሁ። የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው የዕለት ድርሻውን የመጠጥ ውሃ በመዳፉ እያፈሰሰ ፊቱን ይታጠባል።

«ሳይታጠቡ አያረዱም» አለኝ። ከመጋዘናችን የተሰጠውን ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ደረበ።

በማናችን አፍ እንደተነገረ ዛሬ ለመማል አልደፍርም። እኔ ጀምሬ እርሱ የጨረሰው ይመስለኛል። በደንብ የማስታውሰው፣ ገበሬው ግንባሩን ከግድግዳው ሊያጋጭ ሲል የሽማግሌው መዳፍ በመካከል መግባቱን ነው። ከዚያ ብርድ ልብሱን መሬት ላይ አንጥፎ አብሮት ተቀመጠ። ሦስት ቀን እንዲሁ ተቀመጡ፤ ሽማግሌው የራሱም ወንድም መገደሉን አንድ ጊዜ ብቻ አነሣ። በሦስተኛው ቀን ገበሬው፣ «የእርስዎስ ወንድም ማን ይባል ነበር?» አለ። ሽማግሌው ስሙን ነገረው።

ስፈታ ሁለቱን ሰልፎች አንድ አደረግሁ። ጸቡ አልቀረም። ቆይቼም ዱቄቱ ከመታደሉ በፊት የሁለቱም ወገን ሐዘንተኞች መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጠው ሟቾቻቸውን በስም እንዲያነሡ ሐሳብ አቀረብኩ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ «እኛ እርዳታ ሰጪ ነን እንጂ ለቅሶ ቤት ነን እንዴ?» ብለው ተከራከሩኝ። ዛሬ የድርጅታችን ዋና ሥራ ይኸው ነው፤ በሪፖርቶቻችን ላይ የሰላም ግንባታ እንለዋለን።

ሽማግሌው ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውሮ እዚያው ማረፉን ሰማን። ዘመዶቹን እንዳናረዳ፣ ያሉበት ቦታ የተጻፈው መርማሪው በወሰደው የስም ዝርዝር ላይ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱን አልመለሱልኝም። እኔም ቦታውን ላስታውስ ብዬ ብዙ ደከምኩ፤ አልመጣልኝም።

ከእኔ በኋላ የተፈታው ገበሬ የሐዘንተኞቹ ስብሰባ ባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል።

«ዘመዶቹ ተገኙ?» ይለኛል።

«ገና አልተገኙም።»

ቀና ብሎ አያየኝም። ወደ ግቢው ቧንቧ ሄዶ፣ ምናልባት ዛሬ ቢገኙ ብሎ፣ ፊቱን ይታጠባል።