ሲጋራ መለኮሻው

አማቴ የተቀየሙኝ በአንድ ቃል ነው። መኪና የለመድኩት ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ስለሆነ፣ የስልክ ቻርጀር የምንሰካባትን የመኪና ቀዳዳ እሱ እንደሚጠራት «ሲጋራ መለኮሻ» እላታለሁ። ታዲያ አንድ ቀን፣ ኤድመንተን ቤታችን ሆኜ ባሌን በስልክ «ሲጋራ መለኮሻዬ አልሠራ ብሎኛል፣ ያለ እሱ መንገድ አልወጣም» አልኩት። እናቱ ሳሎን ተቀምጠው ይሰማሉ።

በሳምንቱ ጸሎት ቤታቸው ስንሄድ እህቶች ከበቡኝ፤ ራሴ ላይ እጅ ጭነው የሲጋራ ሱስ መንፈስ መገሠጽ ሲጀምሩ ነው ነገሩ የገባኝ። ባስረዳስ ማን ሊሰማኝ።

«አጫሽ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አሉ አማቴ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ የሚገቡት አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ካሌዶኒያን ሮድ ላደርሳቸው ስንሄድ ቶተንሃም ላይ መንገዱ ተዘጋ። አስም አለባቸው። ትንፋሻቸው ማፏጨት ሲጀምር መድኃኒቱን በእንፋሎት የምትሰጣቸውን ትንሽ ማሽን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ቻርጅ የላትም። ገመዷን ተቀብዬ ወደ ቀዳዳዋ ስዘረጋ እጄን ያዙኝ።

«ከሲጋራ መለኮሻ አየር አልወስድም።»

«እማማ፣ ኤሌክትሪክ እኮ ነው።»

«እሳት ነው። ሳንባዬን ልታጨሺው ነው?»

«ከንፈርዎ እየጠቆረ ነው። መጥላቱን ይጥሉኝ፤ ብቻ እየተነፈሱ ይሁን።»

ለቀቁኝ። ሰካሁት። ማሽኗ ማጉረምረም ጀመረች፣ እሳቸውም ማስኩን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጥግ ይዤ ቆምኩና፣ ልማድ ሆኖብኝ ሞተሩን አጠፋሁ። የእኔ መኪና ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋ ቀዳዳዋም ኤሌክትሪክ መስጠት ታቆማለች። ማሽኗ ጸጥ አለች።

ማስኩን ከፍ አድርገው አዩኝ። «አጠፋሽብኝ?»

«ሞተሩን ነው እማማ፣ ረስቼ ነው።»

«ነቅቼብሻለሁ።»

ሞተሩን መልሼ አስነሣሁት። ማሽኗ እንደገና ስታጉረመርም እጃቸውን ቁልፉን በያዘው እጄ ላይ ጫኑት፤ ለጸሎት አይደለም፣ ዳግመኛ እንዳላጠፋው ነው። ጠንካራ እጅ ነው ያላቸው። መድኃኒቱ እስኪያልቅ እንደዚያ እንደተያዝኩ ቆየሁ፤ የትንፋሻቸውም ፉጨት ቀስ በቀስ ተዋቸው።

ማስኩን አውልቀው ገመዷን በጥንቃቄ ጠቀለሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሻርፓቸውን ወደ አፍንጫቸው መለሱ።

«መለኮሻው ደህና ነው» አሉኝ ወደ መስኮቱ ዞረው። «ሲጋራውን ግን ተዪ።»