ሻይ ይዛ የምትገባዋ ሴት

ደቡብ አፍሪካ ገብቼ ቴምቢሳ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሱቅ የከፈትኩት የአንዲት ባልቴት ጋራዥ ተከራይቼ ነበር። የሰፈሩ ሰው ጎጎ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት፤ እኔም እንደዚያው። በወጣትነታቸው ጆሃንስበርግ በሚሠሩ ፊልሞች ላይ ተዋናይ ነበሩ። ሥራውን የተማሩት ልጅ ሳሉ በሰፈሩ አዳራሽ ይታዩ ከነበሩት የድሮ የሆሊውድ ፊልሞች ነው።

«መሪዋን ተዋናይ አላይም ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ የማየው ሻይ ይዛ የምትገባዋን ጥቁር ሴት ነው።»

እሳቸውም የተዋናይነት ዕድሜያቸውን በሙሉ ሻይ ይዘው ገቡ። ገረድ ሆኑ፣ ሞግዚት ሆኑ፣ አልቃሽ ሆኑ። አንዱ ዳይሬክተር እንዲያውም፣ ፊትሽ ከነጯ ተዋናይ ይልቅ ዓይን ይስባል ብሎ ጀርባቸውን ለካሜራ እንዲሰጡ አድርጓቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ሳቁ አይመጣልኝም።

የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ ከቤት መውጣት በተከለከለ ሰሞን፣ የውጭ አገር ሰው ሱቅ ይዘጋ ተባለ። ወታደሮች መጥተው በሩን ሲደበድቡ ጎጎ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ።

«አቀርቅሪ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቃል እንዳትተነፍሺ።»

ከዚያ በየፊልሙ ሲያገለግሏት በኖሩት እመቤት ድምፅ ተናገሩ። «ሱቁ የእኔ ነው። ይህች ሠራተኛዬ ናት። ጫማችሁን ሳትጠርጉ እንዳትገቡ!»

ወታደሮቹ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ጎጎ ዱቄት ጆንያው ላይ ዘጭ አሉ። «በስተርጅና መሪ ተዋናይ ሆንኩ» አሉኝ።

ብርዱ ሲመጣ ማሳል ጀመሩ። አምቡላንስ ሲወስዳቸው እስከ ግቢው በር ብቻ ሸኘኋቸው። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም። በደወልኩ ቁጥር አንዲት ነርስ «ኦክስጅን ላይ ናቸው» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ሌላ ነርስ አነሳችና ማረፋቸውን ነገረችኝ።

ቀብር የተፈቀደው ለጥቂት ቤተ ዘመድ ስለነበር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አለቀስኩ። ፓስተሩ ስለ መዘምራን አገልግሎታቸው ብዙ ተናገረ፤ ስለ ፊልሙ ግን ትንፍሽ አላለም። በኋላ ለምን እንዳልተነሳ ሴት ልጃቸውን ጠየቅኋት።

«ትምህርት ቤት የገረዷ ልጆች እየተባልን ነው ያደግነው» አለችኝ። «ያንን ፊልም ማንም እንዲያነሳብን አንፈልግም።»

እሷም ማስኳ በእንባ ርሶ ነበር።

ቤቱ ሲሸጥ ዕቃዬን ጭኜ ዳቬይተን የሚባል ሌላ ሰፈር አንድ ያገሬ ልጅ ሱቅ ተቀጠርኩ። እዚያ ጎጎን የሚያውቃቸው የለም። ስለ እሳቸው የማጫውተው ሰው አጥቼ ዓመቱን በዝምታ ገፋሁት።