ግራዝማች እግር ያሹ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል ነው። ሰው ፊት ማውራት ስለማልችል ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ብጽፈው ግን ይቀለኛል ብዬ አሰብኩ።

የአባቴ ግራ ዓይን የጠፋው እኔ ሳልወለድ ነው። ቀኙንም ሞራ ሸፈነውና ከጀጎሉ ፈላና በር እስከ ኤረር በር እኔ እየመራኋቸው ነበር የሚሄዱት። በኋላ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ሞራውን ገፈፈላቸው። ቤታችን ለሐኪም ቤቱ ቅርብ ስለሆነ በቃሬዛ ወደ ቤት አስመጥቶ አስተኛቸው። ዓይናቸውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ራሳቸው እንዳይንቀሳቀስ ግራና ቀኝ የአሸዋ ከረጢት አደረገላቸው።

“ቀና እንዳይሉ፣ እንዳያስሉ፣ እንዳይስቁ” አለኝ በአስተርጓሚው። “ቁስሉ ከተከፈተ ይህም ዓይን ይጠፋል።”

አባቴ ሁሉን ቻሉ፤ እንግዳ ሲገባ “ኖር” ብሎ አለመነሣትን ግን አልቻሉም። የንስሐ አባታችን የመጡ ዕለት ብድግ ሊሉ ሲሉ ደረታቸውን ይዤ መለስኳቸው።

“ሰው ሲመጣ እንደ ሬሳ ተጋድሜ ልቀበል?” ብለው ተቆጡ።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤታችን እማማ አሚና በር ላይ ተቀምጠው ጠያቂውን ሁሉ ይመልሱልኝ ጀመር። እኔማ ትልቅ ሰውን “ይመለሱ” የምልበት አፍ የት አለኝ?

አንድ ቀን እማማ አሚና ለሶላት ቤታቸው ገብተው ሳለ፣ የአባቴ የጦር አለቃ የነበሩት ግራዝማች በርኖሳቸውን እንደ ለበሱ ሰተት ብለው ገቡ።

“ማነው?” አሉ አባቴ። እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ያዘ።

“የጎረቤት ልጅ ነው፣ አባባ!” አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደ ወጣ አላውቅም። ወዲያው ወደ ግራዝማች ዞሬ ጨርቁን እያሳየሁ በእጄ ለመንኳቸው። ሊናገሩ የከፈቱትን አፍ ዘጉት።

አባቴ እጃቸውን ከጠርዙ ለቀቁ። “ታዲያ ምን ቆመሃል? ና፣ እግሬን እሽልኝ” አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግራዝማች አንዴ አዩኝና በርኖሳቸውን አውልቀው ተንበረከኩ።

“ጠንከር አድርገው! የዛሬ ልጅ ጉልበት የለውም። የማን ልጅ ነህ?”

ግራዝማች ድምፃቸውን አቅጥነው፣ “የአሚና” አሉ።

“አይ አሚና! ይህን የሚያህል መዳፍ ምን አብልታ አበቀለችልህ?”

ይህን ሲሉ እማማ አሚና ከበሩ ደረሱ። ልጃቸው የተባለውን ሽበታም ሰውዬ ከነጢሙ አዩት። “ያ አላህ!” ብለው ወደ ጀጎሉ ግንብ ሮጡ። አባቴ በማይሰሙበት ሊስቁ ነው። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። የግራዝማች ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። አንዳችንን ሳቅ ቢያመልጠን አባቴም መሳቃቸው ነው፤ ሰው ሲስቅ ሰምተው ዝም ማለት አያውቁም። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁለታችንም ቻልነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሐኪሙ ጨርቁን ፈታ። አባቴ መጀመሪያ ያዩት የኔን ፊት ነው፤ “አድገሻል” አሉኝ።

ለፋሲካ እማማ አሚና ቤታችን ተቀምጠው ሳለ ግራዝማች መጡ። አባቴ እንደ ጎልማሳ ዘለው ተነሡ። “ኖር፣ ጌታዬ!”

“በእግዜር። እግርህስ ተሻለው?”

አባቴ የግራዝማችን መዳፍ አዩ፣ እኔን አዩ፣ እማማ አሚናን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ማንም አልከለከላቸውም።

ዛሬም ግራዝማችን መንገድ ላይ ሳገኛቸው እንደ ድሮው አንገቴን እደፋለሁ። ሰው ያፈርኩ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የምደፋው ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነው።