በዕጣ የተካፈሉት አማካይ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ስንት ይሆናል? ማሳ ቢሆን በገመድ ይለካል፤ ወይም «የሦስት ጥማድ ነው» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ሰውን በምን እንደሚለኩት ግን ሰባ አራት ዓመት ኖሬ፣ አራቱን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ሳነብ፣ ሠላሳ አንዱን ደግሞ ፍኖተ ሰላም ላይ ሳስተምር አሳልፌ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ተማሪዬ የነበረው ክንፈሚካኤል ግን የራሱን ልክ ያውቅ ነበር። ዘጠና ደቂቃ ነው ይል ነበር። እሷንም አላገኛትም።

ክንፈሚካኤል የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። የተወለደው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው፤ አባቱ የፍኖተ ሰላም ወገን፣ እናቱ ባንቺአየሁ የቡሬ። አስራ ዘጠኝ ዓመት በአስራ አራት ክለብ ተጫውቷል። አስራ አንዱ አገር ውስጥ ናቸው፤ የቀሩት ካርቱም፣ ኪጋሊ፣ እና ስሟን ጀምሮ የማይጨርሳት አንዲት የታንዛኒያ ከተማ። ቦታው መሀል ሜዳ ነበር። አማካይ ማለት፣ እሱ እንዳስረዳኝ፣ ከኋላ የተቀበለውን ለፊተኛው የሚሰጥ፣ ጎል ሲገባ ስሙ የማይነሳ፣ ሲገባበት ግን «የት ሄዶ ነው?» የሚባል ሰው ነው።

«እንደ መምህር ነው ጋሼ» አለኝ።

ይህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ፣ አንድም ጨዋታ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ ተጫውቶ አያውቅም። ገና ከመነሻው ከተሰለፈ ሰባኛው ደቂቃ ላይ ቁጥሩ በሰሌዳ ይወጣል፤ ከተቀያሪ ወንበር ከተነሳ ደግሞ የቀረችው ሃያ ደቂቃ ናት። አሰልጣኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ አዳማ ላይ፣ «አንተ እርሾ ነህ። ሊጡ ከተነሳ ወዲያ እርሾ ምን ይሠራል?» ብሎታል። ሌላው በግልጽ፣ «አንተን የማወጣህ ስለማትቆጣ ነው፤ ሌሎቹ ጠርሙስ ይወረውራሉ» አለው። ኪጋሊ ላይ ሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ሰማዩ ተቀደደና ሜዳው ኩሬ ሆነ። በማግስቱ የተረፈችውን ሦስት ደቂቃ ሊጨርሱ ሲመለሱ አሰልጣኙ፣ «ትኩስ እግር ያስፈልገናል» ብሎ በሌላ ተካው። ካርቱም ላይ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ሲቀር የመሀል ዳኛው በሙቀቱ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ክንፈሚካኤል ተሸክመው ካወጡት አራት ሰዎች አንዱ ነበር። ዳኛውን ጥላ ስር አስተኝቶ ሲመለስ ሌላ ዳኛ ገብቷል፤ በእሱም ቦታ ሌላ ተጫዋች።

«ሁልጊዜ ከቅዳሴ መሀል የምወጣ ሰው ሆኛለሁ» አለኝ። «ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ ቆሜ ‹እትዉ በሰላም› ሲባል አልሰማሁም።»

ይህን ያለኝ በ2011 ዓ.ም. ጓዙን ጠቅልሎ ሲመለስ ነው። ያሰበው ቀላል ነገር ነበር። በዞኑ ከተሞች ዋንጫ ለአባቱ ከተማ ተሰልፎ፣ አንዲት ጨዋታ በአንድ ማሊያ ሙሉውን ተጫውቶ፣ ጫማውን ሊሰቅል። የፍኖተ ሰላም አሰልጣኝ ምስክር የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ እጁን መትቶ ቃል ገባለት።

«ፉል ታይም ያንተ ነው ብሮ። ብትሞትም አላስወጣህም።»

በ2012 የካቲት ለፍጻሜ የደረሱት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሆኑ። ነገሩ እዚህ ላይ ተበላሸ።

በእኛ አገር ልጅ የአባቱም የእናቱም ነው። ድሮ ርስት በሁለቱም በኩል ይወረስ ነበር፤ የእናቱን አገር የረሳ ሰው ግማሽ ሰው ነው። የ1967ቱ አዋጅ መሬቱን ከወሰደ ያኔ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ልማዱ ግን አልሄደም። የሚካፈለው ነገር አጥቶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጨዋታው አምስት ቀን ሲቀረው የባንቺአየሁ አጎት አያ ቸኮለ አራት የቡሬ ሽማግሌ አስከትለው ማንኩሳ ገበያ ዳር ዋርካው ስር ተቀመጡ። ሰብሳቢው መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ። እኔም በፍኖተ ሰላም በኩል ከተጠሩት አንዱ ነበርኩ። ክንፈሚካኤል ፊት ለፊታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ልጁ የእኛም ነው» አሉ አያ ቸኮለ። «የተወለደ ዕለት ገንፎውን የበላነው እኛ ነን።»

«የሚጠራው ግን በአባቱ ስም ነው» አለ ምስክር።

«ስም ይሮጣል እንዴ? የሚሮጠው እግር ነው። እግሩ ደግሞ የባንቺአየሁ ነው። ያቺ ልጅ ቡሬ ገበያ ስትሄድ በቅሎ ትቀድም ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። መሪጌታ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ «እኩል ይካፈሉታ» አሉ።

«ሰው እኮ ነው መሪጌታ» አልኩ።

«ሰውማ ነው። በሬ ቢሆን አርደን በተካፈልነው።»

እንዴት እንደሚካፈሉት ለጊዜው የገባው አልነበረም። አንዱ ግራ እግሩን ለቡሬ፣ ቀኙን ለፍኖተ ሰላም አለ፤ ተወቀሰ። ያን ጊዜ እኔ፣ እስከ ዛሬ የምጸጸትበትን፣ ተናገርኩ። ጨዋታው በመሀል እረፍት አለው፤ እረፍቱ ድንበር ይሁን፤ አርባ አምስት ደቂቃ ለአባቱ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ለእናቱ። ሁሉም አጨበጨበ። የተማርኩት ሁሉ ለሕዝብ ጠቀመ የተባለው ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚህ መሀል በርበሬ ሊሸጡ የመጡ አያ ሃይለ ሚካኤል የሚባሉ የሽንዲ ሰው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«የአባቱ እናት የሽንዲ ናት። እኛስ?»

«ሽንዲ እኮ በጨዋታው የለችም» አለ ምስክር።

«ማሊያ ግን አላት።»

ዘር ተቆጠረ፤ እውነታቸውን ነው። መሪጌታ ወደ ምስክር ዞሩ። «በዚህ ጨዋታችሁ ትርፍ የሚባል ነገር የለም?»

«ጭማሪ ደቂቃ አለ። ካለ ማለቴ ነው። ዳኛው ነው የሚጨምራት።»

«እንግዲያው እሷ ለሽንዲ።»

ማን እንደሚቀድም ለመለየት ዕጣ ተጣለ፤ ለፍኖተ ሰላም ጠጠር፣ ለቡሬ የበቆሎ ፍሬ። ያነሳው ወገን የሌለው አንድ የጅጋ ጨው ነጋዴ ነው። ጠጠሩ ወጣ። ከዚያ ክንፈሚካኤል ወደ ማንም ልቡ እንዳያደላ እንዲምል ተጠየቀ። ከድንጋዩ ተነሳ።

«አባቶቼ፣ እምላለሁ። ግን ለቡሬም ይሁን፣ ለፍኖተ ሰላምም ይሁን፣ አንዱ ሙሉውን ይውሰደኝ።»

«ልጄ» አሉ መሪጌታ በርኅራኄ፣ «መሬት ሲካፈሉት ‹ለእገሌ ስጡኝ› ብሎ ያውቃል?»

ማለ። ወረቀት ተጻፈ፤ ፈረምን።

የጨዋታው ዕለት የፍኖተ ሰላም ሜዳ ዙሪያው ሰው በሰው ነበር። ክንፈሚካኤል በአባቱ ማሊያ ገብቶ በሠላሳኛው ደቂቃ በሁለት ተከላካይ መሀል ኳስ አሾለከ፤ አጥቂው ጎል አደረጋት። በእረፍት ማሊያውን አወለቀ፤ አያ ቸኮለ የቡሬን በእጃቸው አለበሱት፤ ዳኛውም ተራ ቅያሪ መስሎት አለፈው። በስልሳኛው ደቂቃ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው እግር፣ ለቡሬ አጥቂ አሾለከ። የፍኖተ ሰላም ተከላካዮች የት የት እንደሚከፍቱ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጠዋት ያደራጃቸው ራሱ ነው። አንድ ለአንድ። ሽማግሌው ሁሉ «ፍርድ ማለት ይህ ነው» እያለ እርስ በርሱ ተሳሳመ።

ዘጠና ሞላ። ሰሌዳው አራት ደቂቃ አሳየ። ወዲያው አያ ሃይለ ሚካኤል አረንጓዴ ማሊያ ይዘው ወደ ሜዳው ገቡ። ከሌላ ዞን የመጣው ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ ምን እንደሆኑ ጠየቀ። ወረቀቱን ሰጡት። ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህ በደንቡ የለም» አለ።

«ክልክል ነው ይላል?» አሉት።

ዳኛው የወረቀቱን ጀርባ ገልብጦ አየ። «አይልም» አለና ወረቀቱን አጥፎ ከቀይ ካርዱ ጋር ኪሱ ከተተው።

ክንፈሚካኤል በሜዳው ላይ የሌለ ቡድን ማሊያ ለብሶ የመሀል ክቡ ውስጥ ቆመ። ኳስ የሚያቀብለው የለም፤ የማንም አይደለምና። የሚይዘውም የለም፤ የማንም አይደለምና። ጨዋታው ወንዝ በድንጋይ እንደሚያልፍ በግራና በቀኙ ያልፋል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ኳሷ ከአንድ ሰው ጉልበት ነጥራ እግሩ ስር መጥታ ቆመች። ረገጣት። ወደ አንዱ ጎል አየ፤ ወደ ሌላው አየ። ሌላው ተጫዋች ሁሉ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ከሰዉ መሀል አንዱ «ለሽንዲ አግባት» ሲል ትንሽ ሳቅ ተሰማ፤ እሱም ጠፋ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ኳሷን ረግጦ ቆመ። ዳኛው ሰዓቱን አየ፤ ነፋ።

ስለ ነፃነት ብዙ አንብቤአለሁ። የትም ሊመታት የሚችል ሰው እንደዚያ ታስሮ አይቼ ግን አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ዋንጫውንም እኩል ሊካፈሉት ሲሰበሰቡ እሱ ወጣ፤ አጠገቡ ሄጄ፣ ለማጽናናት ብዬ፣ «ይኸው ሞላህ፤ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ» አልኩት።

«አልሞላሁም ጋሼ» አለ። «በአርባ አምስተኛው ተቀየርኩ፣ በዘጠናኛውም ተቀየርኩ። ልዩነቱ የወጣሁትም የገባሁትም እኔው መሆኔ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዋንጫው አንዳንድ ዓመት ይደረጋል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። በተደረገ ቁጥር ክንፈሚካኤል ዋርካው ስር ይመጣና አንዲት ሙሉ ጨዋታ ይለምናል። መሪጌታም የተፈረደ አይፈርስም ይሉታል፤ እኔም ፊርማዬ አለበትና መሬት መሬት አያለሁ። ዘንድሮ የመጣው ጉልበቱ አብጦ፣ እያነከሰ ነው። አርባ አምስት ዓመት ሆኖታል። ቆሞ ነው የተናገረው።

«አልሮጥም። የመሀል ክቡ ውስጥ እቆማለሁ። ኳስ አታቀብሉኝ፤ ከፈለጋችሁ አስራ ሁለተኛ አድርጋችሁ ቁጠሩኝ። አንድ ማሊያ አልብሱኝና ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አትንኩኝ። የማን ማሊያ እንደሆነ እንኳ አልጠይቃችሁም።»

አያ ቸኮለ ወደ ምስክር አዩ። ምስክር ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መሪጌታ። መሪጌታ አይናቸውን ጨፍነው መቋሚያቸው ላይ ደገፍ ብለዋል።

«ጭማሪ ደቂቃዋስ ታዲያ?» አሉ አያ ሃይለ ሚካኤል።