ቅዳሜ ትምጣ በላት

የሰፈራችን ሰው ሚስቴን «እትዬ መርዶ» ይላታል። በፊቷ አይደለም እርግጥ። በፊቷማ በሩን ዘግቶ መጋረጃውን ይስባል። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የሰፈሩ ሐሜት ሁሉ የኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚወራው፣ ስለዚህ ስሙን ማን እንዳወጣላት ሳይቀር አውቃለሁ። አንድ ቀን ጆሮውን ባልቆርጠው ምን አለ በሉኝ።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን አንዲት እናት የሞተ ልጇን ሱሪ ይዛ መጣች፤ ለታናሹ ይጥበብለት ብላ። ሚስቴ መቀሱን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ደግሞ አነሳች። አልሆነላትም። ሱሪውን መልሳ አጣጠፈችና ሴትዮዋን ቤቷ ድረስ ሸኘቻት፤ የተመለሰችው ሲመሽ ነው። በዚያው ቀረች እላችኋለሁ። የወደቁ ወታደሮችን ቤተሰብ ከሚያጽናኑ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ገባች። መኮንኑ መርዶውን ተናግሮ ይሄዳል፤ እነሱ ይቀራሉ።

ታውቅበታለች ደግሞ። ሌሎቹ ገና የበሩን ደፍ ሲያልፉ «ጀግና ነው፣ አታልቅሺ» ይላሉ። እሷ «አታልቅሺ» የሚል ሰው ስትሰማ ደሟ ይፈላል። «ልጇ ሞቶ ካላለቀሰች መቼ ልታለቅስ ነው? ሽንኩርት ስትከትፍ?» ትላለች። በር ላይ ጫማዋን ታወልቃለች። ገብታ ያደረ ዕቃ ታጥባለች፣ ስልክ ሲጮኽ ታነሳለች፣ እናትየዋ ስታወራ ትሰማለች፣ ዝም ስትል ዝም ትላለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም።

ይኼ ደግነቷ ምን አመጣላት? ማኅበሩ አረንጓዴ ሰደርያ አደላቸው፤ እንድትታወቁበት ነው አሏቸው። ታወቁ! ሰደርያዋ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል ልጁን ወደ ግንባር የላከ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ማን በር ላይ ልትቆም ነው እያለ። እየቆየ ሰደርያውን ባትለብስም ያው ሆነ። ወንፊት ልትዋስ ጎረቤት ብታንኳኳ፣ ጎረቤቷ ገና በሩን ከፍታ ስታያት እሪ ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። «ኧረ ወንፊት ነው! ወንፊት ፈልጌ ነው!» ብትል ማን ሰምቷት! ለኔ ምሳ ይዛ ብቅ ስትል ደግሞ፣ ልጁ የዘመተበት ደንበኛዬ ግማሽ ፊቱ በሳሙና እንደተለቀለቀ፣ ፎጣዬን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እግሬ አውጪኝ አለ። ፎጣዬን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ይህን ሁሉ ስቄ ባሳለፍኩት። ያንገበገበኝ የእህቷ ነገር ነው።

አንዲት ታናሽ እህት አለቻት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻት ሚስቴ ናት፤ ታናሺቱም «እታለም» ነው የምትላት። እህትየዋም ያለቻት አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ፀጉሩን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አናቱ ላይ አልተኛም የሚል ፀጉር ነበረው፤ ውሃም ቅባትም አይመልሰው። ሊዘምት ሲል መጣና «ጋሼ፣ ዛሬ አሸነፍከው፤ ሙልጭ አድርገህ ላጨው» አለኝ። ላጨሁት።

እሱ በሄደ ማግስት እናቱ ሚስቴን ቤቷ እንዳትደርስ ከለከለቻት። በስልክ ነው የነገረቻት። «እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ። አንቺ እስካልመጣሽ ድረስ ልጄ ደህና ነው።» አሁን ይኼ ምን ይባላል? ሚስቴ ግን አልተቀየመችም። እሑድ በመጣ ቁጥር ትሄድና ከመንገዱ ማዶ ቆማ የእህቷን መስኮት ታያለች። መጋረጃውን የሰፋችው ራሷ ናት። መጋረጃው ነቅነቅ ይላል፤ እህቷ ከኋላው እንዳለች ታውቃለች። ከዚያ ወደ ቤት ትመለሳለች።

ቆሽቴ አረረ። «አቁሚው!» አልኳት። «የሰው እንባ ስትጠርጊ የገዛ እህትሽን አጣሽ እኮ!»

«እኔ ባቆም ማን ይሄዳል? አንተ ትሄዳለህ?»

«እኔ ምን ቆርጦኝ!»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ምሳህን ብላ።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ፍንክች የአባ ቢላዋ ልጅ! ማኩረፍም ሞክሬ ነበር። ማኩረፌን ልብ ያለችው አይመስለኝም።

ከዚያ እህትየዋ ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ይኼ ነው ሚስቴን የሰበራት። «የማላውቀውን ሰው ዕቃ እያጠብኩ የእህቴ ዕቃ ይከመር?» አለችና አለቀሰች። በነጋታው ሰደርያውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ለማኅበሩ መለሰች። «ሂድና ንገርልኝ» አለችኝ። «ከእንግዲህ እህቷ ብቻ ነኝ በላት።»

ክንፍ አውጥቼ በረርኩ። እህትየዋ በክራንች እየተንፏቀቀች ከፈተችልኝ፤ ስነግራት ሳቀችም አለቀሰችም። «ቤቱ ቆሻሻ ነው፣ ትንሽ ላስተካክለው። ቅዳሜ ትምጣ በላት። ቅዳሜ ልጄም ይደውላል፣ ታናግረዋለች።»

ያን ሰሞን ሚስቴ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ለእህቷ እግር ማሳረፊያ የሚሆን ትራስ እየሰፋች ነበር።

ሐሙስ ምሳ ይዛልኝ መጥታ አብረን ተቀምጠን ሳለ የማኅበሩ ኃላፊ ፀጉር ቤቴ ገባች። «እህትሽ ቤት ደርሰን መመለሳችን ነው» አለች። ሚስቴ ወዲያው ገባት። እኔ ደንቆሮው «ምነው፣ እግሯ ባሰባት እንዴ?» እላለሁ።

ልጁ ሞቷል። ዓይኔ ላይ የመጣብኝ ያ አልተኛም የሚል ፀጉር ብቻ ነው።

የራስን ዘመድ ማጽናናት በማኅበሩ ደንብ አይፈቀድም፤ ስለዚህ መኮንኑ ኃላፊዋንና ሁለት አዳዲስ ሴቶችን አስከትሎ ነው የሄደው። እህትየዋ ደስ ብሏት ከፈተችላቸው፤ እህቷ አብራቸው የለችማ! ሲነግሯት «ቤት ተሳስታችኋል» አለቻቸው። ወረቀቱን ሲያሳዩአት «የስም ሞክሼ ሞልቷል» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እህቴ ራሷ ትነግረኝ ነበር። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ነው የምትመጣው» ብላ በዚያ እግሯ ውሃ ልታቀርብላቸው ተነሳች።

«ከአንቺ በቀር ማንንም አታምንም» አለች ኃላፊዋ፣ መሬት መሬት እያየች።

«አትሄድም!» አልኩ። ጮኼ ኖሮ መንገደኛ ዞሮ አየኝ። «ሰደርያችሁን መልሳለች! ስንት እሑድ ማዶ ቆማ ያልተከፈተላት በር ዛሬ ለዚህ ይከፈትላት? ምን ዓይነት ግፍ ነው?»

ሚስቴ የምሳውን ዕቃ ከደነች።

«ካልሄድኩ ቅዳሜ ስልኩን ትጠብቃለች» አለችኝ።

ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት። ዛሬ ማዶ አልቆመችም፤ መንገዱን ተሻግራ በሩ ድረስ ሄደች። መጋረጃው ነቅነቅ አለ። ልታንኳኳ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ክራንቹ ከውስጥ ቋ፣ ቋ ሲል ይሰማኛል። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። እኔ በንዴት ጥርሴን ነክሻለሁ፣ በማን እንደምናደድ ግን ጠፍቶኛል። በመኮንኑ ነው? በማኅበሩ ነው? በጦርነቱ? የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ።

በሩ ተከፈተ። እህትየዋ ሚስቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሰደርያ የለም።

«እታለም» አለች፤ «ዛሬ እኮ ቅዳሜ አይደለም።»

ሚስቴ ጫማዋን አወለቀች።