ኢኖክ ያላሰረው ፍሬን

ኢኖክ ታስከር ከላንክሻየር የከሰል ጉድጓዶች እስከ ጀልባ መጫኛው ቦይ በሚወርደው ሐዲድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የፍሬን ሠራተኛ ነበር። ቁልቁለቱን ከሰል ከጫኑት ፉርጎዎች ጎን እየሮጠ ፍሬናቸውን ይይዛል፤ ቦዩ ዳር ሲደርሱ አስሮ ያቆማቸዋል።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ጣቶቹ በብርድ ቢደነዝዙበት፣ የኋለኛዋን ፉርጎ ሳያስር እሳት ሊሞቅ የሠራተኞቹ ጎጆ ውስጥ ገባ። ሻዩን ሳይቀምስ ጩኸት ሰማ። ፉርጎዋ ተንሸራታ፣ ቦዩ ዳር ቆሞ ጀልባ ላይ ከሰል ይጭን የነበረውን የአሞስ ፔግን እግር ጨፍልቃዋለች።

«ፍሬኑን ያላሰረው ማነው?» አለ አለቃው እያፈጠጠ።

ኢኖክን ምላሱ ቀደመው። «እኔስ አስሬ ነበር። ሳይላስ ይሆናል የነካካው።»

የሥራ ጓደኛው ሳይላስ ሆልሮይድ አጠገቡ ቆሟል። ቃል አልተነፈሰም። በሳምንቱ ተባረረ፤ የሠራተኛ ቤቱንም ለቆ ሚስቱንና አልጋውን በጋሪ ጭኖ ሄደ። ኢኖክ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አያቸው፤ አልወጣም።

ዓመታት አለፉ። ከሰሉ አለቀ፣ ጉድጓዶቹ ተዘጉ፣ ቦዩን ደንገል ዋጠው። የዛገውን ሐዲድ እንዲነቅሉ ከተቀጠሩት አንዱ ኢኖክ ሆነ። ብሎን እየፈታ አሞስ የወደቀበት ቦታ ሲደርስ መፍቻውን ጥሎ ወደ ሳይላስ መንደር ገሰገሰ።

ሳይላስ ጓሮውን ይኮተኩታል።

«ፍሬኑን ያላሰርኩት እኔ ነኝ» አለው፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

«አውቃለሁ። እጀታው ተነስቶ አይቼዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሚስትህ ማርታ ታማ ነበር። እስከ እሁድ ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ።» መኮትኮቻውን ተደግፎ ቀና አለ። «ስንት እሁድ አለፈ፣ አንተ ሰው?»

«ይቅር በለኝ።»

«እኔን ተወኝ። አሞስ አምና እኔን እንደረገመ ሞተ። ለልጁ ለኤዳ ንገራት።»

ኤዳ ልብስ እያሰጣች አዳመጠችው። ግባ አላለችውም።

«ሳይላስን ገበያ ላይ ባየሁት ቁጥር ምራቄን ተፍቼበታለሁ» አለች። «ይህንን በሰው ፊት ድገመው!»

ቅዳሜ መጠጥ ቤቱ መሐል ቆሞ ደገመው። ሁለት ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው ካጠገቡ ተነሱ። በማግስቱ ኤዳ ሳይላስን ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ኢኖክ ሐዲዱ ተነቅሎ እስኪያልቅ ምሳውን ብቻውን በላ፤ አንድም ቀን ግን አበዙብኝ ብሎ አላማረረም።